የሐጂ ሙሜ ፍሪሲዮን

ጋራዥ የገባሁት ዕቃ አጣቢ ሆኜ ነው። ከዚራ ሰፈር ያለው የጋሽ በቀለ ጋራዥ የሚሠራው ሞተር ሳይክል ብቻ ነው፤ በተለይም አሮጌዎቹን፣ ሌላ መካኒክ አይቶ የሚመልሳቸውን። በመጀመሪያው ቀን ቤንዚን በባልዲ፣ ብሩሽና የተፈታታ ሞተር ሰጡኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ። ብሎን ከብሎን እንዳይቀላቀልብኝ ፈርቼ የየክፍሉን ብሎን በባዶ የቲማቲም ጣሳዎች ለየሁት።

ጋሽ በቀለ ማታ ጣሳዎቹን አይተው፣ “ይሄ ጋራዥ ነው ወይስ ሱቅ?” አሉኝ። በማግሥቱ ሞተሩን ሲገጥሙ አንድም ብሎን አልጎደለም። ከዚያ ወዲያ ጣሳዎቼን ማንም አልነካም።

ከማጠብ ወደ መግጠም የተሻገርኩት ቀስ በቀስ ነው። የፍርሃት ጠባዬ ግን አብሮኝ ተሻገረ። ሞተር ከጋራዥ ሲወጣ ፍሬኑንም፣ ካቦውንም፣ የጎማውን ብሎንም ዳግመኛ አያለሁ። ጋሽ በቀለ፣ “አልማዝ፣ ልጅ ትምህርት ቤት እየሸኘሽ ነው እንዴ? ሞተር እኮ ነው፣ ልቀቂው” ይሉኛል።

በተለይ የያዝኩት ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ከማርሽ የሚያገናኝና የሚያለያይ ክፍል ነው። በውስጡ እንደ ሰሃን የተደራረቡ ዲስኮች አሉ፤ ሞላዎች አጣብቀው ይይዟቸዋል። በግራ እጅ በኩል ያለውን እጀታ ጨብጠው ማርሽ አልገባ ካለ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ማለት ነው። ሞተሩ እየጮኸ መንገድ ካልሄደ ደግሞ ዲስኮቹ እየተንሸራተቱ ነው። በሁለቱም መጀመሪያ የሚታየው ካቦው፣ ከእጀታው ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሄደው የሽቦ ገመድ ነው። እጀታው መሳብ ከመጀመሩ በፊት የሳንቲም ውፍረት ያህል መላላት አለበት። ካቦው ደህና ከሆነ ብቻ ዘይቱን አፍስሶ ክዳኑን መክፈት ነው።

ሐጂ ሙሜ የመጡት በዚህ ሥራ ስሜ ከታወቀ በኋላ ነው። መጋላ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው ሱቁን ለልጃቸው የተዉ ሽማግሌ ናቸው። ቀይዋ ሞተራቸው በዕድሜ ከልጆቻቸው ሁሉ ትበልጣለች።

“ደንገጎ ዳገት ላይ ትጮሃለች እንጂ አትወጣም” አሉ። “ልጄ ሐረር ወልዳለች። ሚስቴን ከኋላ ጭኜ የልጅ ልጄን ማየት አለብኝ።”

“አቦ ሚኒባስ የለም እንዴ ሐጂ?” አሉ ጋሽ በቀለ።

“እናቱን ትምህርት ቤት ያመላለስኩት በዚች ነው። ልጁም በዚች ስመጣ ነው የሚያየኝ።”

ሚስታቸው እማማ ሃዋ አጠገባቸው ቆመው ነበር። ወደ እኔ ዞረው፣ “ልጄ፣ አንቺ ‘ይውጡባት’ ካላልሽኝ አልወጣባትም። እሱ መንኮራኩሯ ቢወልቅም ደህና ናት ነው የሚለው” አሉኝ።

ስከፍተው ዲስኮቹ ተቃጥለው ጠቁረዋል፤ በመሃላቸው ያሉት ብረቶች ሰማያዊ ሆነዋል። አዲሶቹን ዲስኮች ዘይት ውስጥ አሳደርኳቸው፤ በደረቁ ከተገጠሙ ቶሎ ይቃጠላሉ። ሞላዎቹን ቀየርኩ፣ የክዳኑን ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ቀየርኩ፣ ካቦውን ለካሁ። ሞተሯ ደስ ብሏት ሄደች።

ወር ሳይሞላ ተመለሰች። የተቃጠለው ዲስክ ሽታ ከሐጂ ቀድሞ ገባ። ያን ቀን አሮጊቷ እኔን አምነው ዳገት መሃል ቢቀሩስ እያልኩ ዋልኩ።

“ሞላዎቹን አጥብቀሽ ነበር?” አሉ ጋሽ በቀለ።

“ሁለት ጊዜ።”

“ሁለት ጊዜ ብቻ? አሞሽ ነበር እንዴ?”

እንደገና ከፈትኩት። ሞላዎቹ እኩል ናቸው፤ ካቦው እንደለካሁት ነው፤ ዘይቱም ትክክለኛው ነው። የተቃጠሉት ዲስኮቹ ብቻ ናቸው። ሌላ ዲስክ ገጠምኩና፣ “ሐጂ፣ ከኋላዎ ተቀምጬ አብሬዎት ልሄድ ነው” አልኳቸው። ጋሽ በቀለ የያዙትን ካቻቢቴ አስቀመጡ። እኔ ሞተር እጠግናለሁ እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም ነበር።

የሐጂን ጃኬት በሁለት እጄ ጨብጬ ወጣን። ከዚራ ውስጥ ምንም የለም። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን መጋላ ስንገባ ነገሩ ተጀመረ። አንዱ በሶማልኛ ሰላም ይላቸዋል፣ አንዷ በኦሮምኛ፣ ሌላው በአማርኛ። ሐጂ ለሁሉም በየቋንቋው ይመልሳሉ። አይቆሙም። ፍሪሲዮኑን በግማሽ ጨብጠው፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ከሰውየው እርምጃ ጋር እኩል እየሄዱ ልጆቹን፣ ፍየሎቹን፣ የአማቱን ጉልበት ይጠይቃሉ። ያኛው ሳያልቅ የሚቀጥለው ይመጣል። ግራ እጃቸው እጀታውን አንዴም አልለቀቀም።

“ሐጂ፣ ለምን አይቆሙም?”

“ከቆምኩ ሻይ ጠጣ ይሉኛል።”

“ታዲያ ለምን አያልፉም?”

“ሰላም ሳልል? ሙሜ ኮራ እንዲሉኝ?”

ዲስኩን የሚያቃጥለው በግማሽ መያዙ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ወይ ሙሉ ጨብጠው ይቁሙ፣ ወይ ሙሉ ለቀው ይሂዱ። እሺ አሉ። እሺ ብለው ሳይጨርሱ አንድ ሻጭ ጠራቸውና ግራ እጃቸው እንደገና እጀታው ላይ ወጣች።

ጋራዥ ስንመለስ እማማ ሃዋ ይጠብቁን ነበር። ያየሁትን ነገርኳቸው፤ እንዲህ ከነዱ ደንገጎ ሳይደርሱ ያቃጥሉታል፣ ስለዚህ ‘ይውጡባት’ ልልዎት አልችልም አልኩ።

“እና ብልሽቱ ምላሱ ነው በይኛ” አሉ እማማ ሃዋ። “እሱ ይንዳ። ሰላምታውን እኔ እችለዋለሁ።”

እሑድ ጠዋት ከጋራዡ ደጃፍ ተነሡ። ካቦውን ለካሁ፤ ደግሜ ለካሁ። ከዚያ፣ “ይውጡ እማማ” አልኳቸው። ሐጂ አንገታቸውን አቅንተው፣ ፊት ለፊት ብቻ እያዩ ነዱ። እማማ ሃዋ ከኋላቸው በግራም በቀኝም እጃቸውን እያውለበለቡ የጎረቤቱን ሁሉ ደህንነት እየጠየቁ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። “ደንገጎን ሳትጮህ ወጣች” አሉ እማማ ሃዋ። “ልጁ አፍንጫው የሐጂ ነው። ምላሱን ግን አላህ ይጠብቀው። የእኔ ድምፅ ነው የተዘጋው።”

ዲስኮቹ እስካሁን አልተቀየሩም። ከዚያ ወዲህ ፍሪሲዮን ለሁለተኛ ጊዜ ተቃጥሎ ከመጣልኝ መፍቻ አላነሣም። መጀመሪያ ከነጂው ኋላ ተቀምጬ ግራ እጁን አያለሁ።