የመሪጌታ ጋቢ የታሰረበት ቅዳሜ

ኅዳር አሥራ አንድ፣ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የመሪጌታ ጋቢ ታሰረ። የታሰረውም እኔ ቤት ነው።

ያኔ ከአዲስ አበባ ወረታ ተመድቤ የመጣሁ ላጤ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ። የተከራየሁት የመሪጌታን ሰርቪስ ቤት ነው። ልብስ ማጠብ ከስብሰባ ቀጥሎ የምጠላው ነገር ስለሆነ፣ ሐሙሲት ከተማ ውስጥ ሥራውን ከጨረሰ የፈረንጆች ፕሮጀክት መጋዘን አንድ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፈልጌ አገኘሁ። ማሽን ስላችሁ ተራ እንዳትመስላችሁ... ባለ ፎቅ ናት። ምድር ቤቷ ታጥባለች፣ ፎቋ ታደርቃለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ሳገኛት ፎቋ ውስጥ ዶሮ ታቅፋ ነበር። ሁለቱን ያያዘው ብሎን ስለዛገ ማለያየት አልተቻለም፤ የለየነው ዶሮዋን ብቻ ነው።

መሪጌታ ካልሲዬ በመስታወቷ ውስጥ ሲዞር ሦስት ቅዳሜ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ተመለከቱ። በአራተኛው ቅዳሜ ጋቢያቸውን ጉያቸው ውስጥ ደብቀው መጡ።

«ልጄ፣ ነገ ሚካኤል ነው። ቁሐር ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት እቆማለሁ። አሮጌውን ጋቢ አይጥ በልቶታል፣ ያለችኝ ይች ናት።»

«ይስጡኝ ታዲያ!»

«ቀስ በል እንጅ። እታለማሁ እንዳትሰማ። ክረምቱን ሙሉ የፈተለችው ነው። ከእንዶድ ሌላ ከነካው ከቤት ይወጣሉ ብላኛለች።»

ባለቤታቸው እማማ እታለማሁ ገበያ ሄደዋል። ጋቢው ገባ። ውሃውን በጀሪካን አጠጣኋት። አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች... መብራት ሄደ።

መብራት በፈረቃ የነበረበት ዘመን ነው። ለምን ብለን በስብሰባ ስንጠይቅ «ዕድገታችን ያመጣው ችግር ነው» ተብለናል። እነሆ ዕድገታችን የመሪጌታን ጋቢ ይዞ ቆመ። የማሽኗ በር ደግሞ ያለ መብራት ንቅንቅ አይልም።

መሪጌታ ተንበርክከው ከመስታወቱ ውጭ ሆነው ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ዋስ አትቀበልም?»

«መብራት ብቻ ነው የምትቀበለው።»

«መቼ ይመጣል?»

«ነገ ማታ።»

በከተማው ጄኔሬተር ያለው ሰው ወዲያ ማዶ ያለው የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት ነው። ጋሪ ጠራን። አምስት ሆነን ማሽኗን በጀርባዋ አስተኛናት። «ሰው እንዳያያት ትሸፈን» አሉ መሪጌታ። ነጭ አንሶላዬን አውጥቼ ከራስጌ እስከ ግርጌ አለበስኳት።

እስቲ አሁን መንገድ ዳር ቆማችሁ እዩን። ጋሪ። ጋሪው ላይ ነጭ የለበሰ ረዥም ነገር። ከኋላው አንገታቸውን የደፉ መሪጌታ...

መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተከተሉን። ቀጥሎ ሁለት ገበያተኞች። ቀጥሎ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ሟች ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ በዚያ አገር ሰው መጀመሪያ ይሸኛል፣ ከዚያ ነው የሚጠይቅ። አንዷ ደረቷን መምታት ስትጀምር ወደ መሪጌታ ጠጋ አልኩ።

«ኧረ ይንገሯቸው!»

«ምን ብዬ? እኛ መፈልፈያው ጋ ሳንደርስ ወሬው እታለማሁ ጆሮ ይደርሳል። ዝም ብለህ ተራመድ።»

ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ አርባ ያህል ሆነናል። እዚያው ላይ፣ ዘንቢላቸውን ይዘው ከገበያ የሚመለሱት እማማ እታለማሁ ከፊታችን ተገተሩ። ባላቸውን አዩ፤ ጋቢ የለም። አንሶላውን አዩ። ነገሩ ሁሉ ባንዴ ገባቸው። ማለቴ... ባንዴ ተሳሳቱ።

«ጋቢውን ለሬሳው አለበሱት?» አሉ፣ እንባቸው ቀድሞ። «ዘመድ ለሌለው ባይተዋር? እኔ የፈተልኩትን? እሰይ መሪጌታ፣ እሰይ! እኔኮ ገብጋባ ይመስሉኝ ነበር! እግዜር በነፍስ ይክፈልዎ!»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ መሪጌታ ዞረ። እውነቱን ቢናገሩ ከቤት መውጣት አለ። ዝም ቢሉ ጋቢው ተቀብሯል፤ ነገ ማኅሌት በባዶ ትከሻ። ቀስ ብለው...

«አሜን» አሉ።

አሜን እንዳሉ የጋሪው ጎማ ጉድጓድ ገባ። የወረታ መንገድ ውሸት አይወድም። አንሶላው ተንሸራተተ። በመስታወቱ ውስጥ፣ በአረፋ መሀል፣ የእማማ እታለማሁ ቀይ ጥለት ሰማይ ሰማይ እያየ ተኝቷል።

ደረቷን ስትመታ የነበረችው ሴትዮ እጇ አየር ላይ ቀረ።

እማማ ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና አሉ። በሠላሳ ዓመት ትዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ባላቸውን አንተ አሏቸው።

«አንተ! ስመርቅህ አሜን ትለኛለህ?!»

ቀብሩ አልተበተነም። ያለቀሱለትን ሳያዩ ማን ይሄዳል? ሁላችንም መፈልፈያው ጋ ደረስን። ማሽኗን አቆምናት፣ ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ አቃሰተች፣ ዞረች፣ አጠበች፣ በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ጋቢው ወጣ... ነጭ! ሲያለቅሱ የነበሩት እልል አሉ። እማማ አሸተቱት፣ ወደ ፀሐይ ዘርግተው ክር በክር መረመሩት። አንድ ነገር አልሆነም። መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ።

«ምን ፈልገው ነው?» አሉ እማማ። ወደ አንቱታው ተመልሰዋል፤ ይህኛው ከአንተው ይበልጥ ያስፈራ ነበር። «እርስዎማ ለባይተዋር ሰጥተው አሜን ብለዋል። ባይተዋሩ ዘመድ ስለሌለው እኔ ወርሼዋለሁ።»

በማግስቱ ቁሐር ሚካኤል፣ እማማ እታለማሁ በጋቢያቸው ደምቀው ከሴቶቹ ፊት ቆሙ። መሪጌታ ማኅሌቱን የቆሙት «ሬሳውን» የሸፈንንበትን የእኔን አንሶላ አጣፍተው ነው። ከሩቅ ላያቸው ግርማ ነበራቸው። ጠጋ ላለ ግን ከጀርባቸው ላይ «ክፍል 7» የሚል የሆቴል ማኅተም ይነበብ ነበር።

ለስልጠና ሄጄ ሆቴል አርፌ ከተመለስኩ ወዲህ አለቃዬ «ከስልጠናው ምን ይዘህ መጣህ?» እያለ ወር ሙሉ ሲጨቀጭቀኝ ነበር... እነሆ መልሱ ጽናጽል ይዞ ያሸበሽባል።