ሰባ ኪሎ

የግራሶና የቆጮ ሽታ ሲቀላቀል ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? እኔ እስከ ዛሬ በጋራዥ ደጅ ሳልፍ ሠራተኞቹ ምሳቸውን ከፍተው ካገኘሁ እግሬ ይቆማል። ያ ሽታ ቡታጅራ፣ አባቴ ብየዳ ቤት ይዞኝ ይሄዳል።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። መንገድ ሲሠሩ የነበሩ ፈረንጆች ጥለውት የሄዱት ተጎታች ቤት ግቢያችን ቆሞ ነበር፤ አልጋ ያለው፣ መስኮት ያለው፣ መኪና የሚጎትተው ቤት። አዲስ ሙሽራ የሆነው ታላቅ ወንድሜ በፒካፑ ጎትቶ ወልቂጤ ሊወስደውና እዚያ ብየዳ ቤት ሊከፍትበት ነው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት አቋርጬ አባቴ ሥር ብረት መለካት የተማርኩ ልጅ ነኝ። "አንቺ ትለኪያለሽ፣ እኔ እበይዳለሁ" ይለኝ ነበር ወንድሜ። "በሩ ላይ የሁለታችንን ስም ነው የምጽፈው።" ሌላ ሕልም አልነበረኝም።

አባቴ ግን "መጀመሪያ ይመዘን" አለ። "መኪናው የሚጎትተውን ብቻ አትዪ፤ የሚያቆመውን እዪ። የአረቅጥ መንገድ ሰው የሚበላው ሲወርዱት ነው።" የፒካፑ መጽሐፍ አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ይጎትታል ይላል። ባዶው ቤት ስምንት መቶ ሃምሳ ነው። የቀረው ስድስት መቶ ሃምሳ፤ ጋቢና የሚቀመጠውም ሰው ከዚያው ላይ ይቀነሳል።

ሦስት ቀን ሙሉ ከጎረቤታችን እህል ነጋዴ ሚዛን አልተለየሁም። የብየዳውን ማሽን፣ ላሜራውን፣ የሙሽራዋን ድስት ሳይቀር መዘንኩ። በመጨረሻ ራሴ ወጣሁበት።

"አርባ አንድ!" አሉ ነጋዴው ጢማቸውን እየዳሰሱ። "ወላሂ፣ ግማሽ ኩንታል እንኳ አትሞዪም! በጆንያ ብሸጥሽ ገዢው ይከሰኛል።"

የልብስ ሣጥኔ ሃያ ዘጠኝ ሆነ። ሁሉም ሲደመር ልክ ገባ። ተጭኖ ሲያበቃ የቤቱ ጎን ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል ለክቼ በጠመኔ ጻፍኩበት። ወንድሜ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ኢንጂነሯ!" አለኝ። ያን ቀን ምድር አልበቃችኝም።

ጠዋት ስለካው ቤቱ ሦስት ጣት ዝቅ ብሏል።

"ወንድምጋሼ፣ የተጨመረ ነገር አለ።"

ከአልጋው ሥር በኮባ የተጠቀለለ፣ በቃጫ የታሰረ ሁለት ትልልቅ እስር ቆጮ ወጣ። እናቴ ደነገጠች። "ስንቅ ይመዘናል እንዴ? በረከቱን ልታባርሪ ነው? ልጄ ሰው አገር ይራብ?"

"ወልቂጤ እኮ ነው የሚሄደው" አለ አባቴ። "እዚያ ቆጮ የለም?"

እኛ ጋ ለመንገደኛ የተሰጠ ቆጮ ሚዛን ላይ አይወጣም፤ ስንቅ ጭነት አይባልም። እኔ ግን የአረቅጥን ቁልቁለት እያሰብኩ ወስጄ መዘንኩት። ነጋዴው እኔንም ቆጮውንም ተራ በተራ አዩ። ሰባ ኪሎ።

"አንዱን እንኳ ላውርደው" ስል ወንድሜ እጄን ያዘ።

"የእናቴን ስንቅ አውርጄ? ነውር ነው።" ከዚያ ሣጥኔን ብድግ አድርጎ ግቢው ውስጥ አስቀመጠው። "በሚቀጥለው ጉዞ እወስድሻለሁ፣ ሚጢዬ።"

ሃያ ዘጠኝና አርባ አንድ። መደመር ያስተማረኝ አባቴ አንገቱን አቀርቅሮ የመጎተቻውን ኳስ ግራሶ ይቀባ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም።

መኪናው ከሄደ በኋላ ከነጋዴው የተዋስኩትን የሚዛን ብረት ልመልስ ሄድኩ። ሰውየው ክፉ አላሰቡም፤ ለጨዋታ ብለው ነው። "ስንቅ አይመዘንም ስትሉ ኖራችሁ፣ ወንድምሽ ትናንት ያን ቆጮ ይዞ መጥቶ ልክ ሰባ እስኪሞላ ሲያስጨምረኝና ሲያስቀንሰኝ አመሸ" አሉኝ።

ድካሜን ሁሉ ቆጥሬ ያስረከብኩት ለእሱ ነበር። እሱ ደግሞ በዚያው ቁጥር ለካኝ። ፊት ለፊት "አልወስድሽም" ቢለኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፤ ዛሬም እንዲህ እላለሁ።

የሚቀጥለው ጉዞ ሳይመጣ አራት ወር አለፈ። በአውቶቡስ ራሴ ሄድኩ። ተጎታቹ ቤት ወልቂጤ መንገድ ዳር ቆሟል፤ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ሁለት ስም ተጽፏል፤ አንዱ የወንድሜ፣ ሌላው የሚስቱ ወንድም። ይኸው የሚስቱ ወንድም ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ የመስኮት ብረት ይለካል፤ ሜትሩን ገልብጦ ነው የያዘው።

"እንዴ! መጣሽ?" አለ ወንድሜ። ለስላሳ ሊገዛልኝ ሱቅ ሮጠ። እስኪመለስ ጎንበስ ብዬ አልጋው ሥር አየሁ። ሁለቱም እስር እዚያው ናቸው። ኮባው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ቃጫው አልተፈታም። አንዲት ቁራሽ እንኳ አልተነካችም።

ለስላሳውን ጠጥቼ ተመለስኩ።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ቆጮዬንስ? ጣመው?"

"ጣቱን እየላሰ ነው የጨረሰው፣ እማዬ።"

ፊቷ በራ። በማግስቱ መዝሙሯን እያንጎራጎረች፣ ለሌላ እስር የሚሆን ኮባ ልትቆርጥ ጓሮ ወረደች። እኔም ቅጠሉን ያዝኩላት።