በተለይ የሞጣውን አንብብ

ትናንት ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁትን መጽሐፍ ስገልጥ ላምባ ላምባ ሸተተኝ። መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ሥር ያነበበው ሰው ይኖራል ብዬ ላልፈው ነበር፤ አፍንጫዬ ግን ይዞኝ ያደግኩባት ቢቸና ገባ።

የቴሌግራም የአንባቢዎች ቡድናችን ውስጥ ስለ ፍቅርም፣ ስለ ታሪክም፣ ስለ ጉዞም ሲጠየቅ "ይህን አንብቡ" ለማለት የሚቀድመኝ የለም። "እስኪ እውነተኛ የወንጀል ታሪክ ጠቁሙን" የተባለ ቀን ግን ስልኬን ኪሴ እከታለሁ። ለምን እንደሆነ ላንተ ልንገርህ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን የሰፈራችን ተማሪ መጽሐፍ የሚመርጠው በእኔ አፍ ነበር። ለሰፈሩ ዲያቆን ጀብዱ፣ ለጎረቤታችን ልጅ ፍቅር፣ እንደ ሐኪም አዝዝላቸው ነበር። ኩራቴ አይጣል ነው!

በግቢያችን ተከራይቶ የሚማር አንድ የሞጣ ልጅ ነበር። አባቱ ቆላ ወርዶ ወባ እንደገደለው፣ ያሳደጉት የክርስትና አባቱ እንደሆኑ ነግሮኛል። እኒያ ሽማግሌ በየጊዜው በአውቶቡስ ማርና ቆሎ ይዘውለት ይመጣሉ፤ እሱም ጉልበታቸውን ስሞ አጠገባቸው ይለጠፋል። እኔ አባት እያለኝ እቀናበት ነበር። ሞጣ ትምህርት ቤት ሳይጠፋ እናቱ ለምን ቢቸና ድረስ እንደሰደደችው የጠየቀ አልነበረም።

በዚያ ሰሞን አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ እጄ ገባ። አንድ የቀድሞ መርማሪ ፖሊስ የመረመራቸውን ግድያዎች ስም እየቀየረ የተረከበት ነው። አንደኛው የሞጣ ነበር። አንድ ገበሬ በድንበር ጠብ፣ ገበያ መንገድ ላይ ካለ ዋርካ ሥር ይገደላል፤ ሚስቱ እርጉዝ ናት። ሽማግሎች ደም ሲያደርቁ፣ የሚወለደው ወንድ ቢሆን አድጎ ደም እንዳይመልስ፣ የገዳዩ ወንድም ክርስትና አንስቶ እንደ ልጁ እንዲያሳድገው ይፈርዳሉ። ለልጁም ማንም እንዳይነግረው ሁለቱን ወገን ያስምላሉ።

እንዴት ያለ ታሪክ ነው እያልኩ ደግሜ አነበብኩት። ጓደኛዬ ግን ጭራሽ ትዝ አላለኝም። አንባቢ ነኝ ባዩ እኔ!

"ምን ላንብብ?" ሲለኝ፣ "ይኸውልህ" አልኩት። "በተለይ የሞጣውን አንብብ፣ ያገርህ ነው።"

በማግስቱ ጠዋት ሌሊቱን በኩራዝ ያነበበውን፣ ላምባ ላምባ የሚሸተውን መጽሐፍ ይዞ ደጃፌ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ይሄ ነገር እውነት ነው?"

"እውነት ነው እንጂ! አንዲት ቃል አልተጨመረባትም" አልኩ፣ እኔ የጻፍኩት ይመስል።

"እናቴ ገበያ ስንሄድ ያችን ዋርካ ዞራ ነው የምታልፍ" አለ ቀስ ብሎ።

ያኔ ገባኝ። "ፖሊስ ደግሞ ሲያወራ ይጨምራል እኮ" ብዬ ላስተባብል ሞከርኩ፤ ሊሰማኝም አልቆመ።

ቅዳሜ ሽማግሌው መጡ። ልጁ ከክፍሉ ወጥቶ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ጉልበታቸውን አልሳመም።

"ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?"

"አባቴን የገደለው ወንድምዎ ነው?"

የያዙትን ማር መሬት አስቀመጡ። ማን ነገረህ አላሉም። እኔ ግን አጥሩ ጥግ ቆሜ እንዳይጠይቁ ስጸልይ ነበር፤ እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

"ነው፣ ልጄ" አሉ። ደግሞም፣ "እኔ የወደድሁህ ግን ለመሐላው ብዬ አይደለም" አሉት።

ልጁ አላለቀሰም። "የአባቴን መቃብር ያሳዩኝ" ብቻ አለ።

በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ። ይቅርታ ልለው ነበር፤ ሰው ይጋፋል፣ ረዳቱ "ሞጣ! ሞጣ!" እያለ ይጮኻል፣ እኔም ሳልለው ቀረሁ። ወደ ቢቸና ትምህርት እንደማይመለስ ያን ጊዜ አላወቅኩም። ሽማግሌው ከሾፌሩ ጀርባ፣ እሱ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጄን አውለበለብኩ።

የመለሱልኝ ሽማግሌው ብቻ ናቸው።