የታገደው አዝማሪ

የአጎቴ ልጅ ማሲንቆ አንስቶ ሲቃኝ ሳየው ያመኝ ነበር። ሁለታችንንም ያስተማረን አባቴ ነው፤ ያደግነውም ከአንድ ገበታ እየበላን ነው። ድምፁ እንኳ ከእኔ አይሻልም፣ እንዲያውም ሻከር ይላል። ግን ሰዉን ምን እንደሚያስነካው እንጃ፣ እሱ ባለበት ወደ እኔ ዞር የሚል አልነበረም!

እኔ አንኮበር ላይ ለአንድ የጦር አለቃ አዝማሪ ሆኜ ገባሁ። ግብር ሲበላ ጌታዬን አወድሳለሁ፣ ብርንዶዬን እቆርጣለሁ፣ ጠጄን እጠጣለሁ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ እነዋሪ ገበያ ከገብስ ሻጮች መሀል ቆሞ ለባላገሩ ይዘፍናል። ያን ጊዜ ወታደር በየባላገሩ ቤት እየተመደበ ገብቶ፣ አስፈጭቶና አስጋግሮ እየበላ፣ ባለቤቱን ከመደቡ አውርዶ ይተኛ ነበር። የአጎቴ ልጅ ይህንኑ በግጥም አወጣው፦

በበሬዬ አርሼ ጎተራ ሞልቼ፣
የራሴን ቤት ለቀቅኩ እንግዳ አብልቼ።

ወይ ጉድ! ብዙ ሳይዘገይ ግጥሙ አንኮበር ደረሰ። ውሃ ቀጂዋም፣ እንጨት ለቃሚውም ያንጎራጉረዋል። የእኔን ውዳሴ ግን ከአዳራሹ ውጭ አንድ ሰው እንኳ ብሎት አያውቅም።

ነገሩ ከጌታዬ ጆሮ ገባና ማሲንቆውን አስነጠቁት፤ ዳግመኛ ገበያ ቆሞ እንዳይዘፍንም አሳገዱት። እሰይ! አልኩ። ምን እደብቃለሁ፣ ደስ አለኝ። እንግዲህ ሰው እኔን ይሰማል ብዬ ያን ሌሊት ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ብዙም ሳይቆይ ትልቅ ግብር ሆነ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ውዳሴዬን እንደጨረስኩ፣ ከእነዋሪ ማር ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ ከበሩ በኩል ተነሡና «ተቀበል!» አሉኝ። ተቀበል የተባለ አዝማሪ እምቢ አይልም፤ የተሰጠውን ግጥም በዜማ መልሶ ይላል። ግብር ላይ በግጥም የተባለ ነገርም አያስቀጣም፣ ደንቡ ነው። ሽማግሌው የሰጡኝ ያንኑ የአጎቴን ልጅ ግጥም ነበር።

ወደ ጌታዬ አየሁ። ብርሌያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። ምን ላድርግ? ተቀበልኩ።

ሥጋ የያዘው እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። ከፊቴ የነበረው ወታደር አንገቱን ደፋ። እኔ ስዘፍን እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ጌታዬ ራሳቸው ቆይተው «እስቲ ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት፤ ያውም ከእሱ አሳምሬ! የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚል ይበል፣ እኔ ያን ሰዓት ደምቄያለሁ።

ስወጣ ሽማግሌው ደጅ ቆመው ጠበቁኝ። ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ጠጋ አልኩ። እጄን ያዙና፣

«ልጄ፣ ያን የአጎትህን ልጅ ስታገኘው፣ ዛሬ አንኮበር አዳራሽ ውስጥ ሰማንህ ብለዋል በልልኝ» አሉኝ።