አሳ አጥማጁ ያስያዘኝ ዶቃ

«ንገሪን እንጂ እማማ፣ ይሄ ዶቃ የማን ነው?» ብላችሁ ሙጭጭ አላችሁብኝ። እስቲ አምጡት። ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙ የተበላ። መዳፌ ላይ ሳደርገው ዛሬም እንደ ወንዝ ጠጠር ይቀዘቅዛል፤ የጭቃና የአሳ ሽታ ይመጣብኛል።

አባቴ በሰፈራ ከወሎ ያመጣን ገበሬ ነበር፤ እዚሁ ጋምቤላ፣ አቦቦ ላይ በቆሎ እናርስ ነበር። የዶቃው ባለቤት ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለ የአኙዋ ልጅ፣ አሳ አጥማጅ። እኛ እስላም ያላረደውን ሥጋ አንበላም፤ አሳ ግን ቢላ አይፈልግም፣ እንዲሁ ሐላል ነው። ከእነሱ ቤት ወደ እኛ ቤት የሚገባ ምግብ አሳ ብቻ ነበር። ይዞት ይመጣል፣ ረጅም ስለሆነ በራችን ላይ ጎንበስ ይላል። እናቴ በቆሎ ትሰፍርለታለች፣ እኔ አሳውን እቀበላለሁ፤ ጣታችን ይነካካል። ያ ብቻ። ለእኔ በቂዬ ነበር።

መንግሥት ተለውጦ ጋምቤላ የራሷ ክልል የሆነች ሰሞን ፍርሃት ገባ። «ሰፋሪ ይውጣ» የሚል ወሬ ይናፈሳል፤ የታጠቁ ሰዎች ይዞራሉ። አባቴ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ጆሮውን ወደ በሩ አድርጎ ነበር የሚሰግደው።

አንድ ቀን ውሃ ስቀዳ አሳ አጥማጁ መጣና ይህን ዶቃ ከኪሱ አውጥቶ «ያዝ» አለኝ።

«ያዢ ነው የሚባለው! እኔ ወንድ ነኝ?» ብዬ ሳቅሁበት።

አልሳቀም። «ያዢ። አትጣል። ለማንም አትስጥ።»

ጌጥ መስሎኝ ሻሼ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። ያኔ የፈራሁት አባቴ እንዳያይብኝ ነበር፤ ሞኝ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መጡ። በበቆሎው መሀል ሲያልፉ ደረቁ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል፣ አሁንም ነፋስ ሲነሳ እደነግጣለሁ። አባቴ በሩን በሞፈር ደግፎ «አብሽሩ፣ አብሽሩ» ይለናል። እናቴ አፌን በእጇ ያዘችው። በሸንበቆው ስንጥቅ እግራቸውን አየሁ። ከበሩ አጠገብ አንድ ሰው በቋንቋቸው ብዙ ተናገረ፤ ድምፁ የእሱ፣ የአሳ አጥማጁ ነበር። ሌላው ጮኸበት። ከዚያ ኮቴው ራቀ።

«ዱዓችን ሰመረ» አለ አባቴ።

በሳምንቱ መኪና ተገኘና ወደ ወሎ ተመለስን። እሱን ሳልሰናበት፣ ዶቃውንም ሳልመልስ፤ ወንዝ መውረድ ራሱ ያስፈራ ነበር። አገር ቤት ለአያታችሁ ዳሩኝ። ደግ ሰው ነበር፣ አላህ ይማረው።

ከብዙ ዓመት በኋላ አባታችሁ እዚህ ጋምቤላ ሥራ ሲያገኝ አብሬው መጣሁ። ገበያ አሳ ልገዛ ጎንበስ ስል ሻጯ ትኩር ብላ አየችኝ። የዚያ የአሳ አጥማጁ እህት ነበረች።

«ዶቃው አለ?» አለችኝ፣ ከሰላምታው በፊት።

ዲሙይ ይሉታል፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ጥሎሽ ነው፣ ያለ እሱ ሚስት አይገኝም። እሷ እንደነገረችኝ፣ ያን ረፋድ ወንድሟ በራችን ላይ ቆሞ «ጥሎሼን ሰጥቻለሁ፤ ይህ የአማቶቼ ቤት ነው» ብሎ ነው የመለሳቸው።

«እሱስ? አግብቶ ወለደ?» አልኳት።

አሳውን በቅጠል ጠቀለለችልኝ።

«ሳያገባ ሞተ። በምን ያግባ? ዶቃው አንተ ጋ ነበር።»