የዶበርማኑ ልብና የወንድሜ ጋብቻ

ከቡራዩ የወጣሁት እንደ ሌባ ነው። እማዬ «ቪዛ ማግኘትሽን ሰው ከሰማ ዓይን ይበላሻል» ብላ ለጎረቤት እንኳን አላሳወቀችም። ሲመሽ ወንድሜ ለሚ ሻንጣዬን ተሸክሞ ሸኘኝ። ማንንም ሳልሰናበት ወጣሁ፤ ያ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እዚህ ጀርመን አከራዬ ወይዘሮ ሄልጋ ዶበርማን የሚባል የውሻ ዘር ያራባሉ። ሽሮዬ ሸተተ ብለው ይቆጡኛል፤ ውሻቸው ግን ሳሎን ነው የሚተኛው። አንድ ቀን «ነይ ያዥልኝ» ብለው እንስሳት ሐኪም ጋ ወሰዱኝ። ውሻውን በጎኑ አስተኝተው ደረቱን ላጩና ቅባት ቀቡት። ሐኪሟ እንደ ነፍሰ ጡር አልትራሳውንድ ታነሳው ጀመር። ልቡ ስክሪኑ ላይ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁት።

«ምን አሞት ነው?» አልኩ።

«ምንም» አሉኝ አከራዬ፤ «አባቱ ሲሮጥ ወድቆ ሞተ። የልብ በሽታው በዘር ስለሚተላለፍ ሳላስመረምር አላራባውም። እናንተ አገር እንዲህ አይደረግም?»

«እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ለሰው ነው ታዲያ።»

«ጎበዞች! ስትቆጥሩ በምን እንደሞቱ አትጠያየቁም?»

አባቴ ብሎኬት እንደተሸከመ ወድቆ ሞተ። አጎቴ፣ የአባቴ ወንድም፣ ሱሉልታ ኳስ ሲጫወት። ሁለቱም ገና ጎልማሶች ነበሩ። ሰፈሩ «ዓይን በላቸው» አለ፤ እኛም አሜን ብለን ቀበርን። ለሚ ደግሞ ሰሞኑን ትንፋሽ ያጥረኛል ብሎኝ ነበር።

ከክሊኒኩ እንደወጣሁ ደወልኩ። «እማዬ፣ ለሚ ባስቸኳይ ልቡን በአልትራሳውንድ ይታይ። የአባዬ በሽታ በዘር የሚሄድ ሳይሆን አይቀርም።»

«ዝም በይ! ለጋብቻው ሰበታ ሽማግሌ ልከናል፣ ሰባት ቤት ተቆጥሮ አልቋል። ዘራቸው የልብ በሽተኛ ነው ከተባለ ማን ልጁን ይሰጠናል?»

«ልጅሽ ቢሞትስ?»

«አፍሽ ይቆረጥ! ሟርተኛ!»

«እዚህ እኮ ውሻ እንኳን ይመረመራል!»

«ወንድምሽን ከውሻ አስተካከልሽው?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

በእማዬ ተናደድኩ፣ በሰፈሩ ተናደድኩ፣ ምንም በማያውቀው ውሻም ተናደድኩ። እዚያ ብሆን ለሚን እጁን ጎትቼ ሐኪም ቤት እወስደው ነበር። ለሚ ጋ ደወልኩ።

«ሲስቱ! ሰላም ነሽ?» አለኝ። በቃላቱ መሀል ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«የት ነህ?»

«ዳገቱን... እየወጣሁ ነው።»

«ቁም፣ ለሚ። እባክህ፣ እዚያው አረፍ በል።»

ሳቀብኝ። መሄዱንም አላቆመም፤ ጫማው ጠጠሩ ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።