ዶሮዋ አልሞተችም

ባሌን ፈትቼ እስቴ ገጠር ወዳለው የአባቴ ቤት የተመለስኩ ሰሞን ነው፤ ዘመኑ የጃንሆይ። ጎረቤቱ ሁሉ በየአጥሩ ሥር ሲያማኝ ፊታቸውን ያላጠቆሩብኝ አባቴ ብቻ ነበሩ። ቄስ ናቸው። «ቤትሽ ነው፤ ማንም አያስወጣሽም» አሉኝ፣ በቃ። እሳቸው ባይኖሩ የት እወድቅ ነበር?

በዚያ ዓመት አይጥ ጉድ አፈላብን። ለዘር ያስቀመጥነውን ገብስ ሳይቀር እየፈለፈለ ጨረሰው። አንድ የእርሻ ባለሙያ ከመካነ ኢየሱስ መጥቶ ዱቄት መድኃኒት ሰጠንና «ከትንሽ ገብስ ጋር ለውሳችሁ ጎታው ሥር አስቀምጡ፤ ሰው እንዳይቀምሰው» ብሎ አስጠንቅቆን ሄደ። እናቴ ትንሽ የሚባል ነገር መቼ ታውቅና! ቁና ሙሉ ለወሰች።

በማግሥቱ ብናይ አንድም የሞተ አይጥ የለም። «ጉደኛ መድኃኒት! ቀለብ ሰፍረን ልናደልባቸው ነው» ብዬ ሳቅሁ። እናቴ ግን ልታረጋግጥ አንዲት ዶሮ አስራ ከገብሱ አበላቻት። ዶሮዋ ጥርግ አድርጋ በላች፤ ውላም አድራም ምንም አልሆነች። ዶሮ በልታው ያልገደላት እህል ሰው አይገድልም፤ እኛ ዘንድ ይህን የማያውቅ ባልቴት የለም። እህል መድፋት ደግሞ ኃጢአት ነው። እናቴ ገብሱን ምንጭ ወርዳ ደጋግማ አጠበችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችውና ቆላችው።

ጊዜው ሁዳዴ ጾም ነበር። አባቴ በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ካለች ጎጆ ሱባኤ ይገባሉ፤ ምግባቸው ቆሎና ውኃ ብቻ ነው። ያን ቆሎ ስልቻ ሞልታ ላከችላቸው።

ከሰነበቱ በኋላ ራሴን አመመኝ አሉና ዋግምት ይደረግልኝ ብለው ወደ ቤት መጡ። ጎረቤታችን በየዓመቱ እንደሚያደርግላቸው ጀርባቸውን በምላጭ በጣ በጣ አድርጎ ደም የሚስበውን ቀንድ ተከለ። ቀንዱ ሲነሳ ደሙ አልቆም አለ። ጥቀርሻ ብንነሰንስ፣ የሸረሪት ድር ብንለጥፍ፣ ቡና ወቅጠን ብንጨምር ወይ ፍንክች! ነጠላ በነጠላ ላይ ደረብን፤ ሁሉንም አልፎ ወረደ። ጎረቤታችን «ኧረ በማርያም! ዕድሜዬን ስበጣ እንዲህ ያለ ደም አላየሁም» አለ። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው ብላ ጠበል ይዛ መጣች። አባቴ ሊጠጡ ጽዋውን ካፋቸው ሲያነሱት ጠበሉ ቀልቷል። ድዳቸውም እየደማ ነበር ለካ!

የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ከመካነ ኢየሱስ ክሊኒክ ደረስን፤ እናቴን ቤት ትተናት። ድሬሰሩ ጀርባቸውንና ድዳቸውን አይቶ «ምን በልተው ነው?» አለኝ።

«ቆሎ ነዋ! በጾም ቅቤ ይበሉልህ?» አልኩት ተቆጥቼ።

«ገብሱ ከየት ነው?»

አፌን ሞልቼ ነገርኩት፤ ዶሮዋ እንዳልሞተችም ጨመርኩለት። ሰውየው ራሱን ያዘ። «እህቴ፣ ይሄ መርዝ በአንድ ጊዜ አይገድልም እኮ! ሲበሉት ሲበሉት ሰንብተው ደማቸው መርጋት ያቆማል። አይጧም ቀን ቆይታ፣ ጉድጓዷ ውስጥ ደም ፈስሷት ነው የምትሞት። ዶሮ ደግሞ ትችለዋለች» አለኝ። እኔ ስስቅ የነበረው በዚህ ነው!

የሚያድናቸው መርፌ ደብረ ታቦር ነው አለንና የጭነት መኪና ላይ ወጣን። መንገዱ ሲያንገጫግጨን አባቴ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አሳርፈው «ልጄ፣ የቆሎውን ነገር እናትሽ እንዳትሰማ። ጨርቋን ጥላ ታብዳለች» አሉኝ። ደግመው አልተናገሩም። ደብረ ታቦር ሳንገባ አረፉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ የለ? የኔ ዳዋ አባቴ ሆኑ።

ቀብረን ተመለስን። ለማንም አልተነፈስኩም። ልቅሶ ደራሹ ድንኳኑን ሞልቶ ሳለ እናቴ ከሱባኤው ጎጆ የተመለሰውን ያን ስልቻ አንጠልጥላ ወጣች። «የሱባኤ ስንቃቸው ነበር፤ ለነፍሳቸው ቅመሱላቸው» እያለች በሰፌድ መዘርገፍ ጀመረች። አንዲት አሮጊት እጇን ዘረጋች።

እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም። ሰፌዱንም ስልቻውንም ነጥቄ እሳት ውስጥ ደፋሁት።

«አንቺ! እህል ይደፋል? አበድሽ?» ብላ ጮኸች እናቴ።

የተረፈውን ቆሎ በእንጨት ወደ ፍሙ ገፋሁት። እናቴ የሚቃጠለውን ቆሎ አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ጓሮ መለሰች። ዶሮዋ አመዱን እየጫረች ነበር። እናቴ ቀስ ብላ ሄዳ ያዘቻት፣ ታቅፋት ቁጭ አለችና ላባዋን እየዳበሰች፣

«ምነው ያኔ ሞተሽልኝ ቢሆን!» አለቻት።